ጎሚስታ ቤት የተቀጠሩ ዓሣዎች

ጎረቤቴ ኢልያስ ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ሃያ ዓመት ጎማ የለጠፈ ጎሚስታ ነው። ዓለም ሁሉ ጎማ ይመስለዋል! እቤቱ ያለው የዓሣ ሳጥን በመስታወቶቹ መጋጠሚያ በኩል ማፍሰስ ሲጀምር፣ የጎማ ቁራጭ ከውጭ በማስቲሽ ለጠፈበትና እጁን አራግፎ ሄደ። በማግስቱ ሚስቱ ኑርሃን ለሱብሒ ሶላት ስትነሳ ምንጣፉ በውሃ ርሷል።

«ሰውዬ፣ ይሄ እኮ መስታወት ነው! ውሃው ይውጣ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ከውስጥ በሲሊኮን ይታሸጋል!» ብላ ጮኸችበት።

እውነቷን ነው። ግን ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ አምስቱ ቀያይ ዓሣዎች የት ይቆዩ?

ኢልያስ የተነፈሰ ጎማ የሚነክርበትን ገንዳ ፈትጎ አጠበና ንጹህ ውሃ ሞልቶ ለቀቃቸው። ወዲያው ከደብረ ሲና የወረደ ሹፌር ጎማው ተንፍሶበት ከተፍ አለ። ኢልያስም እንደ ልማዱ የውስጡን ጎማ ነፍቶ ገንዳው ውስጥ ድፍቅ! ከቀዳዳው አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል፣ የቤታቸውን የአየር ፓምፕ የለመዱት ዓሣዎች ሮጠው ተረባረቡበት። ያለ መነጽር ቀዳዳ ማየት ያቃተው ኢልያስ እነሱ የተሰበሰቡበት ላይ ጣቱን አሳረፈ። እዚያው ነው! ሹፌሩ በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እኔም ከጎን ያለውን ሱቄን ጥዬ ላይ ሮጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ኑርሃን ባልዲ ይዛ መጣች። «ሳጥኑ ጠብታ አያፈስም፤ ዓሣዎቼን ስጠኝ» አለች።

ከጀውሃ ድረስ የመጡ ሹፌሮች ገንዳውን ከበዋል። ኢልያስ ቀና እንኳ አላለም።

«ቆዪ እንጂ ኑርሃን! ሥራ ላይ ናቸው።»