ወንድም ጋሼ ያሳተመው መጽሐፍ

ንዴት ሲይዛት ሥራ የምታበዛ ሰው ናት። የዚያን ቀን ጠዋት በሐኪም ቤቱ ካርድ ክፍል የመደርደሪያውን ፋይል ሁሉ አውርዳ አቧራ ስትጠርግ ያዩ ባልደረቦቿ፣ ዛሬስ ማን ነክቷት ነው ተባባሉ። የነካት የገዛ ወንድሟ ነው።

ይህች ሴት የበሽተኛ ካርድ ስታወጣና ስትመልስ ወጣትነቷን የጨረሰች፣ በመስኮቱ ፊት ሰልፉ ሲሳሳ ግጥም የምትጽፍ ናት። ለአፍሪካ ገጣሚዎች ለመጀመሪያ የግጥም መድበላቸው የሚሰጥ ሽልማት እንዳለ ሰምታ ግጥሞቿን ላከች፤ ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዷ ሆነች። ታዲያ የሽልማቱ ደንብ በአንድ ነገር አይቀልድም፤ መድበሉ ቀድሞ የታተመ መሆን የለበትም።

ጥፋቷ ለእናቷ መንገሯ ነው። እናት ሆዬ ደስታው አላስቀምጣት ብሎ ለልጅቱ ታላቅ ወንድም አወራች። እሱ ደግሞ የሰርግ ካርድና ደረሰኝ የሚያትምበት ማተሚያ ቤት አለው። እህቴ ለሽልማት ታጭታ እንዴት መጽሐፍ የሌላት ትባላለች አለና፣ ረቂቁን እናቱ ቤት ካለው ኮምፒውተር ወስዶ፣ በሚያብረቀርቅ ሽፋን አትሞ ለዘመድ ለጎረቤት አደለ። ይህ አልበቃ ብሎት ለዳኞቹም ላከላቸው። መቅድሙን የጻፈው ራሱ ነው፤ ፎቶውም አለበት። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይኸው ነው።

የሽልማቱ አዘጋጆች፣ መጽሐፉ ያለ ፈቃድሽ የታተመ ከሆነ ጽፈሽና ፈርመሽ አሳውቂን፣ አለዚያ ከውድድሩ ትወጫለሽ አሏት። እናት ለመነች፣ አለቀሰች፤ ወንድምሽን በአገር ፊት ሌባ ልታሰኚው ነው ወይ አለች። ልጅቱ ሽልማቱን ልትተወው ከጫፍ ደረሰች። ለፍቅር ብሎ ያጠፋውን ሰው ምን ይሉታል?

ከሥራ ስትወጣ ማተሚያ ቤቱ ሄደች። ገልጣ ሳታያት ስትሸሻት የነበረችውን ያቺን መጽሐፍ ከባንኮኒው አንስታ ገለጠች። ደግማ ገለጠች።

"ወንድም ጋሼ፣ ስለ አባባ የጻፍኩት ግጥም የት አለ?"

"እሱን አስቀረሁት" አላት፣ ከወረቀት መቁረጫው ቀና ሳይል። "የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። ሰውየው ሞቷል፤ መልስ አይሰጥሽም።"

ለካ ወንድሟ ያሳተመላት ወዷት ብቻ አልነበረም፤ በእሷ ረቂቅ ፈንታ ይህ እንዲነበብ፣ የቤተሰቡን ስም ሊያጥብ ነው።

"አባባ ቀበቶውን ሲያነሳ የምደበቀው ከአንተ ጀርባ ነበር" አለችው። "አንተም ተገርፈሃል። አባባ ሞቷል፤ እኔ አልሞትኩም።"

ከባንኮኒው ባዶ ወረቀት ስባ ቆማ ጻፈች፤ ይህን መጽሐፍ ያሳተመው ወንድሜ ነው፣ አልፈቀድኩም። ፈርማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"እማማን ትገድያታለሽ" አላት።

እሷ ግን ያስቀረውን ግጥም ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምራ በቃሏ ትለው ጀመር። ካርድ ሊያሳትሙ የመጡ ሙሽሮች ዞረው አዩዋት። ወንድሟ እጁን ሰዶ ማተሚያውን አስነሳው፤ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ።

እሷም ድምፅዋን ከፍ አደረገች።