የወንዙ የማታ ልክ

ሰፈሩ ጋሽ ሜትር ይለዋል። ሥራው የወንዝ ከፍታ ማንበብ ነው። ወንዙ ዳር፣ በሽቦ አጥር ውስጥ፣ ቁጥር የተቀባበት ረጅም የብረት መለኪያ ቆሟል። ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደ ደረሰ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አይቶ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ በየወሩ ወደ ውሃ ቢሮ ይሄዳል።

ጠዋት ይሄድ ነበር። ማታ ግን ሄዶ አያውቅም። መንገዱ አርባ ደቂቃ ያስኬዳል፤ ውሃ ደግሞ ያው ውሃ ነው። የጠዋቱን ቁጥር አንድ ሁለት ሴንቲ ጨምሮ ወይም ቀንሶ፣ ጫማውን አውልቆ እቤቱ ይሞላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። እንዲያውም ለቅጹ ንጽሕና የምስጋና ደብዳቤ ደርሶታል።

ከዚያ ሴት ልጁ ከባሏ ተጣልታ ከሁለት ልጆችና ከአንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር ተመለሰች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አመሻሹ ላይ አንዱ ሲያለቅስ፣ ሌላው አልጋ ላይ ሲዘል፣ ቴሌቪዥኑ ከሁለቱም በላይ ሲጮህ፣ አባወራው የሚቀመጥበት ጥግ አጣ። አንድ ቀን ቅጹን ይዞ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ሥራ።»

«አሁን ገና ትዝ አለህ?»

መጀመሪያ ሰለቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ግን ውሃው መለኪያውን እየላሰ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ በልኩ ለማንበብ የሚረጋበትን ቅጽበት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲጠብቅ ማየት ጀመረ። ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ወደ ኋላ ይዞራል፤ የወደቀ ቅጠል ሦስት አራቴ ተሽከርክሮ ነው መንገዱን የሚቀጥለው። አንድ ዓሣ አዳኝ ወፍ መለኪያው ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ካልተነቃነቁ ሰውን ከግንድ አይለይም። ቀን ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ እዚህ የሚደርሰው ማታ መሆኑንም ያወቀው ያኔ ነው፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ያየውን ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የቀረበት ማታ አልነበረም።

«ሰውዬ፣ ያቺን ወንዝ ደረብክብኝ እንዴ?» አለች ሚስቱ።

«አንቺም ነይ እስቲ።»

«ውሃ ለማየት? ባልዲው አለልኝ።»

ማታ መሄድ በጀመረ በስምንተኛው ወር ከቢሮ አንዲት ወጣት መሐንዲስ በመኪና መጣች። ቅጾቹን መኪናው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ልጄ። ምነው?»

«ይሄ የአምናው ነው፤ ቀጥ ያለ። የዘንድሮው ግን ጠዋትና ማታው አይተዋወቅም። አለቆቼ እርስዎ አርጅተዋል አሉ። ከነገ ጀምሮ ይሄ ያመጣሁት የመለኪያ ሳጥን ራሱ ያነባል። የአጥሩን ቁልፍ ይሰጡኛል።»

ጋሽ ሜትር ደሞዙን አላሰበም። ያሰበው አጥሩን ነው። ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ያለው ዳርቻ ሁሉ የፋብሪካ ግንብ ነው፤ ቁልፉ ከሄደ ድንጋዩም ወፉም ሄዱ።

«ልኩ የዘንድሮው ነው» አለ። «የድሮውን ማታ ማታ እቤቴ ሆኜ ነው የሞላሁት።»

መሐንዲሷ ከቅጾቹ ቀና አለች። ከዚያ ቁልቁል፣ ወንዙ ወደሚታጠፍበት፣ በእጇ አመለከተች።

«ያ ድልድይ ከፍታው የተወሰነው በምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

አላወቀም።

«በእርስዎ ቅጽ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ አልሰማሁም፤ እርስዎም አልነገሩኝም። ዓይንዎ ደክሟል፤ በቃ።»

«ሳጥኑም እኮ እኔ ያየሁትን ነው የሚያየው።»

«ያያል። ያኔ ወንዙ ተለወጠ ይባላል።»

«እሺ፣ ቁልፉን ብቻ ተዪልኝ። ምንም አልነካም፤ ልቀመጥ ነው።»

«ዕቃው ውድ ነው፣ ጋሼ። ማንም አይገባም።»

ሰጣት።

አሁን ወንዙ የሚታየው ከድልድዩ ላይ ብቻ ነው። ማታ ማታ ይሄድና የብረት መደገፊያውን ይዞ ይቆማል። ከኋላው አውቶቡሶች ሲያልፉ ወለሉ ከእግሩ ሥር ይርገበገባል። ቅጠል ሲያልፍ አያይም፤ ወፍ ቢያርፍም አያይም። ጎንበስ ብሎ፣ በውሃውና በድልድዩ ሆድ መሀል ስንት ሴንቲ እንደቀረ ይገምታል። ትናንት ከነበረው አንሷል። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው።