አንለይ በማርያም ቀን ያጠጣው አርማታ

ግንበኛው አንለይ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝና የሠፈሩ ሰው ሁሉ ምክር ይጠይቀኛል። ድልድዩን በሠራንበት ሰሞን ግን ለአንለይ የምትሆን አንዲት ቃል አጣሁ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ወጣትነቱን የጨረሰው ወረታ ውስጥ ቤት ሲገነባ ነው። ጨዋታ አያውቅም፤ ግድግዳ ላይ ጠማማ ድንጋይ ካየ ግን ምሳውን ትቶ ያፈርሰዋል። ሚስቱ እናኑ የሞተችው ከስምንት ዓመት በፊት፣ በክረምት ነው። ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወንዙ ዳር አደረስናት። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቶ ሜዳውን ይዞታል። ጎደለ አልጎደለ እያልን ስንጠብቅ ነፍሷ ወጣች። ዘንድሮ ደግሞ ልጃቸው ፀደይ አረገዘች። የምትወልደው ሐምሌ ላይ ነው።

ስለዚህ ሙያቸውን በነጻ የሚሰጡ መሐንዲሶች ከባሕር ዳር መጥተው «ተንጠልጣይ ድልድይ እንሥራላችሁ» ሲሉ ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው አንለይ ነበር። ሲሚንቶውና የብረት ገመዱ ከእነሱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና ጉልበቱ ከእኛ ሆነ። ሲሚንቶው ዘገየና ግንቦት ገባ። ገመዱን የሚይዘው አርማታ አንድ አርብ ቀን በደቦ ተሞላ። ወጣቷ መሐንዲስ መስከረም ሽማግሌዎቹን ሰብስባ፣

«ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ» አለች።

«ይጠጣል» አሉ። እሷም ገመዱን ልታመጣ ሄደች።

ማንም አልዋሸም። እኛ ዘንድ የሥራ ቀን ሲቆጠር በዓል አይገባበትም። ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ናቸው፤ ሰኞ ደግሞ ግንቦት ሃያ አንድ፣ የደብራችን የማርያም በዓል ነው። የማጠጣቱ ተራ የተደለደለው ከማክሰኞ ጀምሮ ነበር። እኔ የተማርኩት ሰውዬ እንኳ ተራዬ ረቡዕ ነው ብዬ ቁጭ ብዬ ነበር!

ቅዳሜ ከሰዓት አንለይ አርማታውን ሊያይ ወረደ። የአርማታው ፊት ደርቆ ነጥቷል። ወዲያው ለመስከረም ደወለላት።

«እስካሁን አልጀመራችሁም? ጋሽ አንለይ፣ በዚህ ፀሐይ ሦስት ቀን ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ አፍርሰን የምንሠራው ለከርሞ ነው።»

ለከርሞ! በቀጥታ ወደ ደብሩ አለቃ፣ ወደ አለቃ መንግሥቴ ሄደ።

«አባቴ፣ ይፍቀዱልኝ። ውሃ ማጠጣት ብቻ ነው።»

«ነገ ሌላው ተነሥቶ ሽንኩርቴን ላጠጣ ቢለኝ ምን እለዋለሁ? በዓል የተሻረ እንደሁ በረዶው ያንተን ማሳ ለይቶ አይመታም፣ ልጄ።»

«ፀደይስ፣ አባቴ?»

አለቃ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የእናኑን ፍትሐት አድርሰው የቀበሯት እሳቸው ናቸው። ግን አልፈቀዱም።

አንለይ አጠጣ። በባልዲ እየተመላለሰ አጠጣ፤ እርጥብ ጆንያም አለበሰው። እሁድ ከቅዳሴ የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ አየው። ቢያንስ ተደብቀህ አድርገው ስለው፣ «የሌባ ሥራ አይደለም» አለኝ።

ሰኞ ሰማዩ ከጉና ተራራ በኩል ጠቆረ። ሰዉ ደመናውን ትቶ አንለይን ያያል። ማርያምን ለመንኳት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶው ወረደ። የአንለይ ወዳጅ የሆነው የማረው ሽንኩርት ሊነቀል ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ከጭቃ ተደባለቀ። ማረው ማሳውን አንድ ጊዜ ዞረና ዶማውን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። እየሮጥን ተከተልነው። አንለይ አርማታው ላይ ተቀምጧል።

«ተነሥ!» አለው ማረው። «የልጆቼን ጉሮሮ ዘግተህ ድልድይ የለም!»

«በእኔ ጦስ ከሆነ እኔን ምታኝ። ይኼን ግን አትንካብኝ።»

ዶማው ወደ ላይ ተነሣ። ማናችንም አልያዝነውም፤ እኔም አልያዝኩትም። ማረው ዶማውን እንዳነሣ ቆየና ወንዝ ውስጥ ወርውሮት ሄደ።

ድልድዩ ሰኔ ላይ አለቀ። ሰዉ ለሥራው ይመጣል፣ ገመድ ይስባል፣ ጣውላ ይመታል፤ አንለይን ግን የሚያናግረው የለም። በጽዋ ማኅበራችን ቀን ጽዋው አልፎት ሄደ። እኔም መንገድ ላይ ሳየው እታጠፍ ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ፀደይን ምጥ ያዛት። ወንዙ ሞልቶ ያጓራል። አንለይ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ ዞር ዞር ሲል ማረው ከቤቱ ወጣና የፊቱን ሁለት እንጨቶች ያዘ። እኔም ሮጬ ደረስኩና ከኋላ እኔና አንለይ ሆንን። ወደ ድልድዩ ገባን። ውሃው ከሥራችን ይገማሸራል፤ ገመዱ ሲጢጥ ይላል፤ አርማታው ግን ንቅንቅ አላለም። መሃል ላይ ስንደርስ ማረው ዞር ሳይል ተናገረ።

«አንለይ፣ ቀስ በል። ጣውላው ያንሸራትታል።»

ከግንቦት ወዲህ ለአንለይ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። አንለይ ቃሬዛውን እንደያዘ እያለቀሰ ተሻገረ። ከቀትር በፊት ፀደይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።