ለባዶ ወንበር መግደርደር

ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ መጨረሻው ረድፍ ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ካያችሁ፣ እኔና ጋሽ ታደሰ ነን።

በውጭ አገር በምንኖርባት የኢገን ከተማ ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ታደሰ፣ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላ የነበረበትን ዘመን እየተረኩልኝ ነው ድራይቭ አድርገን የደረስነው። ዛሬ ስናስነጥስ ያስተጋባል።

የአዳራሹ አስተናጋጅ አዘነልንና፣ "ፊት ያለው ሁሉ ባዶ ነው፣ ውረዱ" አለን።

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "ኧረ እዚሁ ይበቃናል" አሉ።

ሰውየው "ኦኬ" ብሎ ሄደ። አንዴ እንኳን አልለመነንም።

"ደግሞ ይመጣል" አሉኝ። ጨዋታው አለቀ፣ አልመጣም።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "ድሮ ቢሆን ይለምኑን ነበር" አሉ። ድሮማ ባዶ ወንበር የት ነበረና።

እናንተስ ለወጉ ያህል "በቃኝ" ብላችሁ ምን ቀረባችሁ? ሳትግደረደሩ ጻፉ።