ሃርለም ያልሰማችው ሸክላ

አምብሮስ ተሊ ቀን በፖስታ ባቡር ላይ ደብዳቤ ይለይ፣ በዕረፍቱ በእኛ በጥቁሮቹ ሰፈር በሃርለም ትራምፔት ይነፋ ነበር። ባስ የምጫወትለት እኔ ነበርኩ። የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁና በቁጣ ብናገር ይቅርታ አልጠይቅበትም።

በእኛ ዘንድ የታወቀ የአሠራር ልማድ ነበረ። ሁሉ የሚያውቀውን የቆየ ዘፈን እንወስድና ዜማውን ገፈን እንጥላለን፤ ፒያኖው ከሥር የሚሄድበትን መንገድ ብቻ አስቀርተን በላዩ አዲስ ዜማ እናቆማለን። አዲሱ ዜማ የሠራው ሰው ንብረት ነው፤ ሸክላው በተሸጠ ቁጥር የደራሲው ድርሻም ለእሱ ነው። አምብሮስ አንዱን እንዲህ ያለ ዜማ በሚንቀጠቀጥ ባቡር ውስጥ ሁለት ክረምት ሠርቶ በእናቱ ስም «ዊላ» ብሎ ጠራው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ የሙዚቀኞች ማኅበራችን ከሸክላ ነጋዴዎች ጋር በክፍያ ተጣልቶ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ማንም አባል ሸክላ እንዳያስቀርጽ አገደ። ነጋዴዎችም ቀኑ ሳይደርስ ያገኙትን ሁሉ ለመቅረጽ ተሻሙ። ሚስተር ሃንሊ የተባለው ነጭ ነጋዴ የአምብሮስን ጓድ አምስታችንን የጠራን እገዳው ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

«ዊላ»ን አንድ ጊዜ ተለማምደን እንዳበቃን ሃንሊ ወረቀት ይዞ ወደ መቅረጫው ክፍል ገባ።

«ደራሲው እኔ ተብዬ እጻፋለሁ። አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ ፈርም።»

«አርባ አንድ ዓመቴ ነው» አለ አምብሮስ።

«እና?»

«እናማ ልጅ አይደለሁም። አንተም ደራሲ አይደለህም።»

«ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው ወዳጄ። ካልተስማማህ በሩ ያውልህ።»

ከበሮ መቺያችን ሩፈስ ጣልቃ ገባ፦ «ሚስተር ሃንሊ፣ እስቲ ዜማዋን በፉጨት አሰማና። ደራሲ አይደለህ እንዴ?»

ከሃንሊ በቀር ሁላችን ሳቅን። አምብሮስ «መጀመሪያ እንቀረጽ፤ ከዚያ እፈርማለሁ» አለ። ሌላ ጓድ በር ላይ ተራውን ይጠብቅ ስለነበር ሃንሊ እሺ ብሎ የመቅረጫው ማሽን ወዳለበት፣ ከመስተዋቱ ግድግዳ ጀርባ ሄደ።

ያን ጊዜ ድምፁ በቀጥታ በሸክላው ላይ ይቀረጻል፤ ከተቀረጸ በኋላ ቆርጦ ማውጣት የለም። በ«ዊላ» ጀመርን። ከዚያ አምብሮስ ከዜማው ወጥቶ ለብቻው እየፈጠረ ይነፋ ጀመር። እንደዚያ ሲነፋ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አልሰማሁትም፤ የሩፈስ እጅ እንኳ ለመከተል ተቸገረ። በመዝጊያው ወደ «ዊላ» መመለስ ሲገባን፣ አምብሮስ ገፎ የጣለውን የአሮጌውን ዘፈን ዜማ፣ አንድ ድምፅ ሳያጎድል፣ ቀስ አድርጎ ነፋው። የዚያ ዘፈን ባለቤት ትልቅ ድርጅት ነው፤ በሌላ ሰው ስም ቢወጣ ሃንሊን ፍርድ ቤት ያቆመዋል።

ሃንሊ ፊቱ ቀልቶ መጣ። «ምን አደረግክ? ድገመው።»

«አልደግምም።»

«ነገ እኮ እገዳ ነው።»

«አውቃለሁ» አለና ትራምፔቱን በሣጥኑ አስተኛው። ወረቀቱን ሳይፈርም ወጣ።

ሃንሊ ሸክላውን አላወጣውም። በዓመቱ እገዳው ቢነሣም ሃንሊ «አስቸጋሪ ነው» ብሎ የአምብሮስን ስም ስላጠፋ ማንም ለቀረጻ አልጠራውም፤ ጡረታው እስኪደርስ ደብዳቤ ለየ። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት፤ በዚያ ሸክላ ላይ የእኔም ጣቶች ነበሩና። ቆይቶ ግን ቁጣዬን ወደሚገባው ሰው አዞርኩት። ሃንሊ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም።