ሰርቨር ጣውንቴ

እኔን ብሎ የኮምፒውተር ሰው! ስሜን እንኳ መጻፍ የማላውቅ አሮጊት፣ ከአንድ ሳጥን ጋር ጣውንት ሆኜ ቁጭ አልኩላችሁ።

የከተማ ባቡሩ ገና ቃሊቲ ሳይደርስ ነው፤ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ሻይ አመላልስ ነበር። ፕሪንተሩ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጸሐፊዋ ጋ። ሌላው ሁሉ የጻፈውን ፍሎፒ በምትባል ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይገለብጥና ለእኔ ይሰጠኛል። ከሻይ ትሪዬ ጥግ አስቀምጬ ለጸሐፊዋ አደርሳለሁ፤ ወረቀቱ ሲወጣም ለባለቤቱ እመልሳለሁ።

"እማማ፣ የኔን ያስቀድሙልኝ!" ይለኛል ሒሳብ ሹሙ።

"ትናንት ሰላም ሳትለኝ አልፈህ? ተራህን ጠብቅ!"

ያለ እኔ እግር ቢሮው ቀጥ ይል ነበር። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

አንድ ቀን ባለሙያ መጣና ሰርቨር የሚሉትን ጥቁር ሳጥን ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር ተከለው፤ ከየክፍሉም ሽቦ ሳበ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዛል፤ ሳጥኑ ይቀበላል፣ ተራ ያስይዛል፣ ያሳትማል። "ሰርቨራችን እኮ!" እያሉ ሲያሞግሱት አንጀቴ እርር ድብን ይላል። እኔን አንድ ቀን እንዲያ ብለውኝ አያውቁም።

የንድፍ ክፍሉ ወረቀት የጉንዳን መንገድ መስሎ የወጣ ቀንማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

"ምነው ጎበዙ ሰርቨር?" አልኩት ሊያስተካክለው የተጠራውን ባለሙያ።

"እማማ፣ የእነሱ ኮምፒውተር ሊኑክስ ነው፣ የሌላው ዊንዶውስ። አነጋገራቸው ይለያያል። ሰርቨሩ የሁሉንም ተቀብሎ ፕሪንተሩ ወደሚገባው መቀየር አለበት።"

"እኔ ያለ አስተርጓሚ ነበር የማደርሰው!"

በማግስቱ ሳጥኑ ያንንም ለመደ። ይባስ!

ግን የሁሉም ወረቀት አንድ ላይ ተከምሮ ነው የሚወጣው። "ሳጥኑ እግር የለው፣ ማን ሊያድል ነው?" ብዬ ክምሩን አፈፍ አደረግሁ። በየመሃሉ አንዲት መስመር ብቻ ያለባት ወረቀት ትወጣለች። "አባካኝ!" እያልኩ እነሱን ለቆሎ መጠቅለያ ለቀምኩ። የቀረውን እንደ ሻይ ብርጭቆ አደልኩት፤ የላይኛውን ለመጀመሪያው በር፣ የታችኛውን ለመጨረሻው። ለካ ያቺ መስመር የባለቤቱ ስም ናት! ሰርቨሩ የማንን ከማን የሚለየው በእሷ ኖሯል።

ሒሳብ ሹሙ በደመወዝ ዝርዝሩ ፈንታ የደረሰውን የመጋዘን በር ንድፍ ይዞ መጣ። "እማማ፣ ደመወዝ የሚወጣው በዚህ በር ነው?"

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። "ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ሻይ ብቻ" አለኝ። ከወረቀት ተፋታሁ።

ቤቴ ገብቼ ለጎረቤቴ ያንን ሳጥን አማሁላት፣ አማሁላት። ከዚያችው የስም ወረቀት ላይ ቆሎዋን እየዘገነች ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፦

"አንቺ፣ ባልሽ ሌላ ሴት ያስቀመጠ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተንገበገብሽም!" አለችኝ።