ባለቤት የጎደለው ደብዳቤ

በ1996 ዓ.ም. ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ነበር። ቄሱ ስልሳ ሁለት ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ስልሳ አንድ ነው ባይ ነኝ፣ አልለቅም። መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ከፍ ብላ ባለች ቀበሌ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ማንበብ እችላለሁ፤ ልጅ ሆኜ ከቄስ ዘንድ ዳዊት ደግሜአለሁ። መጻፍ ግን ሌላ ነው። በኛ ጊዜ አንብብ እንጂ ጻፍ ያለን የለም።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሚስቴ ታመመች። አንዲት ልጅ አለችን፤ ደብረ ብርሃን አግብታ ትኖራለች። ሚስቴ ከተኛችበት ሆና፣ "ለልጅቷ ጻፍላት፤ የኔን ነገር ግን እንዳታነሳ፣ ትደነግጣለች" አለችኝ።

"ታዲያ ምን ልጻፍ?"

"የላሚቱን ጻፍ።"

እውነትም ላሚቱ ታማ ነበር። "ላሚቱ በጣም ታማለች" ብዬ ጻፍኩ። ይችን ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ወረቀቱን ሳልልከው ሚስቴ ሐሙስ ዕለት አረፈች።

ጎረቤቶቼ፣ "መርዶ በወረቀት አይነገርም። መንገዱ ጠፈፍ ሲል ሁለት ሰው ሄዶ ያርዳታል" አሉ። "እናቷ ሞታ እስከዚያ ሳታውቅ ትቀመጥ?" አልኩ። "እንግዲያው የሚጽፍ ሰው ፈልግ" አሉኝ። "የሚስቴን ሞት በሰው እጅ አላጽፍም!" ብዬ ያችኑ ወረቀት አወጣሁ። ከላሚቱ ቀጥዬ "ሐሙስ ሞተች። እኔ ደህና ነኝ" የሚል ጨመርኩና ጭቃውን ሰብሮ ለሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጠሁት። ለጎረቤቶቼም "ተነግሯታል፣ ማንም እንዳይሄድ" አልኳቸው።

በሁለት ሳምንቱ መልስ መጣ። "አባዬ፣ ስለ ላሚቱ አዘንኩ፣ እግዜር ይተካላችሁ። እማዬን ሳምልኝ" ይላል።

ደጃፌ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልሂድ ዛሬ፣ ልሂድ ነገ ስል፣ ከኛ አገር ወደዚያ የሄደች አንዲት ሴት ገበያ ላይ አግኝታት "እግዜር ያጽናሽ" ብላታለች። አርባውም አልፎ ነበር። ልጄ በሰው ላከችብኝ፦ "ለሱ ላሚቱና እናቴ አንድ ናቸው ማለት ነው። ወደኔ እንዳይመጣ። እኔም ደጁን አልረግጥም።"

ላሚቱማ ዳነች። ዓመቱን ሙሉ ታለበች። ወተቱን የሚጠጣ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተረፈውን ለጎረቤት እሰጣለሁ።

የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ከመርሐቤቴ የመጣች፣ ብርድ የማትችል ወጣት ነበረች። ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ እሰማታለሁ። "መጀመሪያ እኔ እጽፋለሁ፣ እናንተ እዩኝ" ትላለች። የምታስበውንም ጮክ ብላ ትናገራለች፦ "ማን? በጓ። ምንን? ገብሱን። ምን አደረገች? በላች።" ልጆቹ ደግሞ "አራት ነጥብ!" ብለው ይጮኻሉ። "አሁን አብረን" ትላለች ቀጥላ። መጨረሻ ላይ፣ "አሁን ደግሞ ብቻችሁን።" ያን ጊዜ ክፍሉ ጭጭ ይላል። ግማሹን ነፋሱ ስለሚወስድብኝ ሁሉንም አልሰማም ነበር።

አንድ ቀን በረዶ ወረደና ሮጬ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ትምህርቱ ቆመ። ጋብ ሲል አስተማሪዋ፣ "አባባ፣ ከገቡ አይቀር አንድ ይጻፉልን" አለች። ልጆቹ ሳቁ። ሰሌዳው ላይ ለ"ማን"፣ ለ"ምንን" እና ለ"ምን አደረገ" ሦስት ሳጥን ተሥሏል። ጠመኔውን ተቀበልኳት። እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ "ሐሙስ ሞተች" ብዬ ጻፍኩ።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ፣ "ቲቸር! አባባ አንደኛውን ሳጥን ባዶ ተዉት!" አለች።

"ትክክል ነሽ። አባባ፣ ባለቤት ጎደለው። ባለቤቷ ማን ናት?"

"ባለቤቴ ናታ!" አልኩ ተቆጥቼ። "ባለቤቴ ናት የሞተችው! ምን ይጎድላል?"

ልጆቹ ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። አስተማሪዋ አልሳቀችም። አየችኝና "የምትሠራዋን፣ የምትሆነዋን ነው ባለቤት የምንላት፣ አባባ። እርስዎ ማን እንደሆነች ያውቃሉ። የሚያነበው ሰው ግን አያውቅም" አለችኝ።

ተማሪው ሲሄድ የደብዳቤውን ነገር ነገርኳት። ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። እሷም "እንግዲያው ትክክለኛውን እንጽፋለን። በእርስዎ እጅ" አለች።

ከዚያ ወዲያ ተማሪው ሲበተን እቀመጣለሁ፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አያለሁ። ቀጥሎ አብረን። "እናትሽ ሐሙስ ሞተች።" ይችን ያዝኳት። ብቻዬን መጻፍ ስጀምር ግን "ደብዳቤው ተበላሸ" ብዬ ጻፍኩ።

"ማን አበላሸው?" አለችኝ።

"ተበላሸ አልኩሽ እኮ። ዝናብ ነው፣ መንገድ ነው።"

"ዝናቡ ነው የጻፈው?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔን ጥፋተኛ ልታደርጊኝ ነው?"

"እኔ ምን አደረግሁ፣ አባባ? ባለቤቱ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ እንጂ።"

እርሳሱን አስቀምጬ ወጣሁ። ሦስት ቀን ከዚያ ክፍል አልደረስኩም። ደወሉን እደውላለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ። እሷም አልጠራችኝም። ቤቴ ተቀምጬ ዝናቡን ባለቤት አድርጌ ሞከርኩ፣ ሹፌሩን ሞከርኩ፣ ሟቿን ሚስቴን እንኳ ሞከርኩ፤ "የላሚቱን ጻፍ" ያለችኝ እሷ ናት ብዬ። አንዱም አልሄደልኝም።

በአራተኛው ቀን ተማሪው ሲወጣ ገብቼ ተቀመጥኩ። ደህና ዋልሽም አላልኳት። እሷ የልጆቹን ደብተር ታርማለች። ብቻዬን ጻፍኩ፦

"እናትሽ ሐሙስ ሞተች። እኔ መርዶሽን አበላሸሁ። እኔ ሰው እንዳይሄድ ከለከልኩ። አንቺ እናትሽን ሳትቀብሪ ቀረሽ። እኔ አዝኛለሁ።"

አስተማሪዋ አነበበችው። የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነበር፤ ከደነችውና አስቀመጠችው። "'ቀረሽ' ያልኩት 'ቃሪያ' ተብሎ አይነበብም?" አልኳት። "የምን ቃሪያ አመጡብኝ፣ አባባ!" ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ በርኖሴን ደርቤ ዘመሮ ወረድኩ። ደብረ ብርሃን ለሚሄድ ሹፌር ወረቀቱን በእጁ ሰጠሁት። "በቃል የምነግራት አለ?" አለኝ። "የለም። በእጇ ስጣት ብቻ" አልኩትና፣ ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት ደወሉ ጋ ለመገኘት ዳገቱን ተያያዝኩት።